ስለ ማምረት ትርጓሜና ስለ ዐይነቶቹ

ብዙ ሰው ምርት ሲባል በሰማ ጊዜ ዐሳቡ ወደ ዐውድማና ወደ ጎተራ ብቻ ይሄዳል። በኤኮኖሚ ትምህርት ግን ማምረት ማለት አንድን ነገር ከቀድሞው ይልቅ ለሰው እንዲጠቅም ማድረግ ነው። ሰው አዲስ አፈር ወይም አዲስ ውኃ ሊፈጥር አይችልም፤ የተፈጠረውን ግን በጉልበቱና በዕውቀቱ መልኩን ይለውጣል፥ ስፍራውን ያዛውራል፥ እስከሚፈለግበት ጊዜም ይጠብቀዋል። ለዚህም መሬትና ውኃ፥ የሰው ድካም፥ ደግሞም ቀድሞ ተሠርቶ የተጠራቀመ ዋና ገንዘብ ያስፈልጉታል። ዋና ገንዘብ የተባለውም ብር ብቻ አይደለም፤ በሬውም፥ ማረሻውም፥ ዘሩም፥ የውኃ መሳቢያው ሞተርም ከዚሁ ይቈጠራሉ።

የምርት ዐይነት ሦስት ነው። ለምሳሌውም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሦስቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ከመሬት በቀጥታ የሚገኘው ነው፤ እርሻ፥ ከብት ርቢ፥ ማዕድን መቆፈር ሁሉ የዚህ ወገን ነው። በመካኒሳና በላፍቶ ትንሹን አቃቂ ተጠግተው ቆስጣ፥ ሰላጣና ጥቅል ጎመን በመስኖ ሲያለሙ የኖሩት አትክልተኞች በዚህ ይመደባሉ።

ሁለተኛው ጥሬውን ነገር በሥራ መለወጥ ነው፤ ቆዳ አልፍቶ ጫማ፥ ጥጥ ፈትሎ ሸማ ማድረግ ይህ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም እንደሚቀበል አስረድተዋል።

ሦስተኛው ማጓጓዝ፥ ንግድ፥ ማስተማር፥ ማከምና ይህን የመሰለው አገልግሎት ነው። ነጋዴ ምንም አያመርትም የሚል ሹም አይታጣም፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በወንዙ ዳር የተቈረጠ ቆስጣ በማለዳ ተጭኖ ከገበያ ካልደረሰ ይጠወልጋል፥ የአትክልተኛውም ድካም ከንቱ ይሆናል። ጫኚውና በጉልት ተቀምጣ የምትቸረችረው ሴት ለዚያ ድካም ፍጻሜ ይሰጡታል።

ሦስቱ በመጽሐፍ ተለያይተው ቢጻፉም በወንዝ ዳር ግን አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል። ቆዳ ለማልፋት ብዙ ውኃና ክሮም ያለበት መድኀኒት ያስፈልጋል፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወንዝ በተለቀቀ ጊዜ ያው ውኃ ከታች አትክልት ይጠጣል። በአቃቂ ውኃ የለማውን አትክልት የመረመሩ ሊቃውንት ክሮም፥ ካድሚየምና እርሳስ አግኝተውበታል፤ ቆስጣና ሰላጣም ከጥቅል ጎመን ይልቅ አብዝተው እንደሚስቡ ጽፈዋል። እንግዲህ የፋብሪካው ምርት ዋጋ ሲቈጠር፥ ከታች የተበላሸው መሬትና የበላተኛው ጤና ካልተቀነሰለት ሒሳቡ ሐሰት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 ያበላሸው ወገን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። አስቸጋሪው ነገር ወንዝ የወረዳ ድንበር አለማወቁ ነው፤ ትንሹ አቃቂ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከመድረሱ በፊት በሌሎች ክፍላተ ከተማ ያልፋል፥ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ኩሬ ይወርዳል። የላይኛው ሹም የፋብሪካውን፥ የታችኛውም የአትክልቱን ምርት ብቻ የመዘገቡ እንደ ሆነ ሁለቱም መዝገቦች ትርፍ ያሳያሉ። ስለዚህ የምርት መዝገብ በሚያዝበት ወረዳ ሁሉ፥ ከምርቱ መጠን አጠገብ ውኃው ከየት እንደ መጣ፥ ምን ተጨምሮበት ወዴት እንደ ሄደ ሊጻፍ ይገባል።