ስም ነጥብ አያመጣም፦ አንጋፋ አጥቂና የእንግሊዝ የሥራ ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አንጋፋው አጥቂ ዲዬጎ ኮስታ ወደ እንግሊዙ ክለብ ዎልቨርሃምፕተን ሊያመራ ነው የሚል ዜና ሲወጣ በደጋፊዎች መካከል የተነሣው ክርክር የተለመደው ዓይነት ነበር። ገሚሱ፣ ኮስታ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ከገባ ዛሬም ተከላካይ ያስጨንቃል ይላል። ገሚሱ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ክለብ የለውም፣ ጨርሷል ይላል። ክርክሩ ሳይበርድ ሌላ ዜና ተከተለ፤ የሥራ ፈቃድ ጥያቄው ውድቅ ተደረገ። ክለቡ ይግባኝ ብሎ ፈቃዱ ተገኘ፤ ሴፕቴምበር 12 ቀንም ፊርማው ይፋ ሆነ። ቢሆንም ብዙ ሰው ነገሩ አልዋጥለት አለ። በቼልሲ ማሊያ በ89 የሊግ ጨዋታዎች 52 ግብ ያስቆጠረ፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ2015 እና በ2017 ያነሣ ሰው፣ እዚያው አገር እንዳይጫወት የሚከለከለው በምን ሒሳብ ነው?

ሒሳቡ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ደረጃ በደረጃ ካየነው በየዝውውር መስኮቱ ከሚናፈሰው ወሬ የቱ መሬት የረገጠ፣ የቱ ምኞት ብቻ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ቁም ነገር አንድ ነው፤ ደጋፊ ተጫዋችን የሚመዝነው ባለፈ ታሪኩ ሲሆን፣ ሕጉ ግን የሚቆጥረው የቅርብ ጊዜ ጨዋታውን ነው።

በመጀመሪያ፣ ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። ኮስታ በ2014 ከአትሌቲኮ ማድሪድ ወደ ቼልሲ ሲዛወር የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር ያነሣ አልነበረም። የተወለደው ብራዚል ውስጥ ላጋርቶ በምትባል ከተማ ቢሆንም በ2013 የስፔን ዜግነት አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ደግሞ በየትኛውም አባል አገር ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት ይችላል፤ እንግሊዝም ያኔ የኅብረቱ አባል ነበረች። በዚያ ዘመን ክለቦች አንድን የደቡብ አሜሪካ ተጫዋች ሲፈልጉ፣ ጣሊያናዊ አያት ወይም የስፔን ፓስፖርት እንዳለው አስቀድመው ያጣሩ ነበር። ፓስፖርቱ ካለ ጉዳዩ አለቀ።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣና የሽግግሩ ጊዜ በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ ያ መንገድ ተዘጋ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ስፔናዊውም ብራዚላዊውም ናይጄሪያዊውም በአንድ ሰልፍ ቆመዋል። የአየርላንድ ዜጎችና ቀድሞውኑ በእንግሊዝ የመኖር መብት ያገኙ ሰዎች ብቻ ከሰልፉ ውጪ ናቸው። እናም በ2014 ኮስታን ያለ ጥያቄ ያስገባው ፓስፖርት በ2022 ምንም አልፈየደለትም።

ጉዳዩን የሚያዩት ሁለት አካላት ናቸው። አንደኛው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ኤፍኤ፣ ነው፤ ተጫዋቹ ለእንግሊዝ ኳስ የሚመጥን ደረጃ እንዳለው መዝኖ የድጋፍ ማረጋገጫ ይሰጣል። ሁለተኛው ሆም ኦፊስ የሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያንን ማረጋገጫ ይዞ ለመጣው ተጫዋች ቪዛውን ይሰጣል። ጋዜጦች «የሥራ ፈቃድ ተከለከለ» ብለው ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ የተሰናከለው የመጀመሪያው ነው። ማረጋገጫውን የሚጠይቀው ተጫዋቹ ራሱ ሳይሆን ሊያስፈርመው የፈለገው ክለብ ነው፤ የሚያገለግለውም ለዚያው ክለብ ብቻ ነው። ዓረብ አገር ሠርቶ የመጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እዚያ የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር እንደሚታሰር ሁሉ፣ የተጫዋቹም ፈቃድ ከክለቡ ጋር የታሰረ ነው። ክለብ ሲቀይር ሌላ ይወጣለታል።

ማረጋገጫውን ለማግኘት የመጀመሪያው መንገድ ብሔራዊ ቡድን ነው። እዚህ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ አገሩ በፊፋ ደረጃ ስንተኛ ናት? እሱስ ከአገሩ የውድድር ጨዋታዎች ምን ያህሉን ተሰለፈ? የወዳጅነት ጨዋታ አይቆጠርም። እስከ 2015 በነበረው ደንብ አገሩ ከመጀመሪያዎቹ 70 ውስጥ መሆን ነበረባት፤ ተጫዋቹም ባለፉት ሁለት ዓመታት ከተደረጉት ጨዋታዎች 75 በመቶውን መሰለፍ ይጠበቅበት ነበር። አሜሪካዊው ወጣት አጥቂ ሁዋን አጉዴሎ በ2013 ከስቶክ ሲቲ ጋር ከተስማማ በኋላ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፈቃዱን ተከልክሎ ወደ ሆላንዱ ኡትሬክት ሄደ። በ2015፣ ግሬግ ዳይክ የማኅበሩ ሊቀ መንበር በነበሩበት ጊዜ፣ ደንቡ ተቀየረ። የአገራቱ ቁጥር ወደ 50 ዝቅ ሲል መቶኛው ደግሞ እንደ አገሩ ጥንካሬ እንዲለያይ ተደረገ፤ ከ1 እስከ 10 ላሉት 30 በመቶ፣ ከ11 እስከ 20 ላሉት 45፣ ከ21 እስከ 30 ላሉት 60፣ ከ31 እስከ 50 ላሉት 75 በመቶ። ከ2021 ወዲህ አኃዞቹ በመጠኑ ቢሻሻሉም አስተሳሰቡ ያው ነው። ለብራዚል ወይም ለስፔን መመረጥ በራሱ ከባድ ስለሆነ ጥቂት ጨዋታ ይበቃል፤ ደከም ካለ አገር የመጣው ግን የቡድኑ ምሰሶ መሆኑን ማሳየት አለበት። መቶኛውን ያሟላ ሌላ ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል።

ታዲያ ኮስታ የስፔን ሰው አይደለም? ነው። ስፔንም በደረጃው ከፊተኞቹ አንዷ ነበረች። ግን ኮስታ ለስፔን የተሰለፈው እስከ 2018 ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫ ሦስት ግብ አስቆጥሯል፤ ሦስቱም በ2022 ማመልከቻ ላይ ዋጋ አልነበራቸውም። አንጋፋ ተጫዋች የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜው ሠላሳን ሲሻገር እግሩን ለክለቡ ለመቆጠብ ብሎ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን ያገልላል፤ ደጋፊውም ውሳኔውን ያደንቃል። ወደ እንግሊዝ መሄድ ለሚፈልግ የውጭ ተጫዋች ግን ያ ስንብት ቀላሉን መንገድ በገዛ እጁ መዝጋት ነው።

በብሔራዊ ቡድን ማለፍ ያልቻለ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ማለፊያው 15 ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚሰበሰበው ተጫዋቹ በሚጫወትበት አገር ሊግ ከተጫወተው ደቂቃ፣ እንደ ቻምፒዮንስ ሊግ ባሉ አህጉራዊ ውድድሮች ከተጫወተው ደቂቃ፣ የመጨረሻ ክለቡ በሊጉ ስንተኛ ሆኖ ካጠናቀቀበት፣ በአህጉራዊው ውድድር እስከ የት ከደረሰበት፣ እንዲሁም ከሊጉ ጥራት ነው። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው መቶኛ ሙሉ በሙሉ ባያሳልፈውም ከፊል ነጥብ ሊያስገኝለት ይችላል።

የዓለም ሊጎች ለዚህ ሒሳብ ሲባል በስድስት እርከን ተከፍለዋል። አንደኛው ላይ እንግሊዝ፣ ስፔን፣ ጀርመን፣ ጣሊያንና ፈረንሳይ አሉ። በ2022 የፖርቹጋልና የሆላንድ ሊጎች ሁለተኛው ላይ ነበሩ፤ የብራዚል ሊግ ደግሞ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። በስም ያልተጠቀሰ ሊግ ሁሉ ስድስተኛው ውስጥ ይገባል። በአንደኛው እርከን ሊግ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ዓመት የተጫወተ ከደቂቃው ብቻ 12 ነጥብ ያገኛል፤ በስድስተኛው ይህንኑ ያደረገ የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ከመለኪያዎቹ አንዱም ግብ አይቆጥርም። ሰላሳ ግብ ያገባውና አንድም ያላገባው አጥቂ እኩል ደቂቃ ከተጫወቱ በዚህ መለኪያ እኩል ናቸው። መነሻው ቀላል ነው፤ በጠንካራ ሊግ ቋሚ ተሰላፊ የሆነን ሰው አሠልጣኙ በየሳምንቱ መዝኖታል ተብሎ ይታሰባል።

በዚህ መንገድ የኮስታን ጉዳይ እናስላ። ከቼልሲ በኋላ የተመለሰበትን አትሌቲኮ ማድሪድን ለቅቆ በኦገስት 2021 የብራዚሉን አትሌቲኮ ሚኔይሮ ተቀላቀለ። ቡድኑ በዚያ ዓመት የሊግ ዋንጫውን አነሣ፤ እሱም 19 ጨዋታ ተሰልፎ 5 ግብ አስቆጠረ። በጃንዋሪ 2022 ተለያዩ። ከዚያ እስከ ሴፕቴምበር የተጫወተው ደቂቃ ዜሮ ነው። ቡድኑ ሻምፒዮን መሆኑ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ሊጉ ከአንደኛው እርከን ውጪ ነው፣ ደቂቃውም ጥቂት ነው፣ ስምንቱ ወር ደግሞ ባዶ ነው። ማመልከቻው መጀመሪያ የወደቀው ለዚህ ነው።

ዎልቨርሃምፕተን ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የዝውውር መስኮቱ የተዘጋው ሴፕቴምበር 1 ቀን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ከሽቱትጋርት የመጣው አጥቂ ሳሻ ካላይዲች ሴፕቴምበር 3 ቀን ከሳውዝሃምፕተን ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታው ጉልበቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። ሌላው አጥቂ ራውል ሂሜኔዝም ጉዳት ላይ ነበር። መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ማስፈረም የሚቻለው ክለብ የሌለውን ተጫዋች ብቻ ነው። የደንቡ ወጥመድም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ክለብ የሌለው ተጫዋች ማለት በአብዛኛው በቅርቡ ያልተጫወተ ተጫዋች ነው። ለድንገተኛ ጉዳት መድኃኒት ይሆናል የተባለው ሰው ነጥብ መሰብሰብ የሚቸግረው ሰው ሆኖ ይገኛል። አንጋፋው አጥቂ በነፃ ይመጣል፣ ደመወዙም ቀላል ነው የሚሉ ደጋፊዎች ነፃነቱ ራሱ በፈቃዱ ሒሳብ ላይ ዕዳ መሆኑን ይዘነጋሉ።

ለወደቀው የሚቀረው ሦስተኛ መንገድ ልዩ ሁኔታዎችን የሚያይ ገለልተኛ ጉባኤ ነው። በመደበኛው አሠራር ከ10 እስከ 14 ነጥብ ያመጣ ተጫዋች ክለቡ ጉዳዩን ወደዚያ ሊወስድለት ይችላል። ጉባኤው የሚጠይቀው ሰውየው ዝነኛ መሆኑን ሳይሆን፣ 15 ነጥብ እንዳይሞላ ያገደው የተለየ ሁኔታ እንደነበር ነው። ስለዚህ ክለቦች ወደዚያ የሚሄዱት የግብ ቪዲዮ ይዘው ሳይሆን ማስረጃ ሰንደው ነው። ኮስታም በመጨረሻ የተፈቀደለት በይግባኝ ነው።

ከ2023 ክረምት ጀምሮ ደግሞ አራተኛ መንገድ ተከፍቷል። ክለቦች 15 ነጥብ ያልሞሉ ጥቂት ተጫዋቾችን በልዩ ኮታ እንዲያስፈርሙ ተፈቀደ፤ ለፕሪሚየር ሊግና ለቻምፒዮንሺፕ ክለቦች እስከ አራት፣ ለሊግ ዋንና ለሊግ ቱ እስከ ሁለት። ኮታው እንዲሁ የሚታደል አይደለም፤ ክለቡ ለእንግሊዛውያን ተጫዋቾች የሰጠው የጨዋታ ጊዜ ሲበዛ ቁጥሩ ያድጋል። ለአንጋፋው አጥቂ ይህ ተስፋም ፈተናም ነው። በር ተከፍቶለታል፤ ግን በዚያችው ቦታ ከደቡብ አሜሪካ ከሚመጣ የ19 ዓመት ልጅ ጋር ይፎካከራል። ልጁ ነገ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል፤ አንጋፋው አይሸጥም። ክለቡ ለማን እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ አንድ አንጋፋ የውጭ አጥቂ ወደ እንግሊዝ ሊመጣ ነው ሲባል ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ማንሣት ይቻላል። የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜግነት፣ ወይም ቀድሞ ያገኘው የመኖር መብት አለው? ከሌለው አገሩ ከ50ዎቹ ውስጥ ናት፣ እሱስ አሁንም ይመረጣል? ካልተመረጠ ባለፈው ዓመት በየትኛው እርከን ሊግ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ያም ካልበቃ ክለቡ የቀረ ኮታ አለው፣ ወይስ ለጉባኤው የሚያቀርበው አሳማኝ ምክንያት? ከእነዚህ ለአንዱም በጎ መልስ ያልተገኘለት ወሬ የተጫዋቹ ወኪል የሚያናፍሰው ሊሆን ይችላል።

ፈቃድ ማግኘት ግን መጫወት ይችላል ማለት አይደለም። ኮስታ በዎልቨርሃምፕተን 23 የሊግ ጨዋታ ተሰልፎ ያገባው አንድ ግብ ብቻ ነው፤ እሱም በኤፕሪል 2023 ብሬንትፎርድ ላይ። ጨርሷል ያሉት ደጋፊዎች በውጤቱ ልክ ነበሩ። ሆኖም ኤፍኤ ማመልከቻውን መጀመሪያ የጣለው እነርሱ ባሉት ምክንያት አይደለም፤ አንጋፋ አጥቂ ያለ ፍጥነትም ቦታ አያያዝ አውቆ ግብ ማግባት ይችል እንደሆነ ደንቡ አይጠይቅም፣ ለመጠየቅም መሣሪያ የለውም። ያ የአሠልጣኙና የደጋፊው ጥያቄ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ስናምታታ ነው ውድቅ የተደረገ ፈቃድ ለኮስታ ስድብ የሚመስለን።

ፕሪሚየር ሊግን በየሳምንቱ ለሚከታተለው የኢትዮጵያ ደጋፊ ይህ ሒሳብ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ከ50ዎቹ ውጪ ስለሆኑ ለብሔራዊ ቡድን መቶ ጊዜ መሰለፍ እንኳ የመጀመሪያውን በር አይከፍትም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ዓመቱን ሙሉ ቢጫወት ከደቂቃው የሚያገኘው ነጥብ ከሚፈለገው 15 እጅግ የራቀ ነው። ከአገር ውስጥ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ የሚደረግ ዝውውር የማናየው በችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው አጥቂ ሳላዲን ሰይድ በቤልጅየሙ ሊርስ እንደተጫወተው ዓይነት ከፍ ያለ እርከን ያለው ሊግ ለእንግሊዝ የሚያበቃ መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኛ ወጣት አጥቂ ከውጭ ጥያቄ ሲመጣለት ከፊርማው ገንዘብ ቀድሞ ሊጉ የትኛው እርከን ላይ እንዳለና አሠልጣኙ በየሳምንቱ ሊያሰልፈው እንዳሰበ ቢያጣራ ይበጀዋል። ስመ ጥር ክለብ ውስጥ ወንበር ሲያሞቅ የከረመ ተጫዋች፣ ዝቅ ባለ ክለብ ቋሚ ሆኖ ከተሰለፈው ባልንጀራው ያነሰ ነጥብ ይዞ ይገኛል።