ከስብሰባው በፊት ያለው ሥራ

የፀረ ኤድስ ክበባችሁ ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አንድ ጥናት ሊያካሂድ ነው እንበል። የጥናቱ ጥያቄ ‹‹ተማሪዎች የኤች አይ ቪ ምርመራ ለማድረግ ለምን ያመነታሉ?›› የሚል ነው። መምህሩ ሰኞ ዕለት ‹‹ዓርብ ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀሩ›› ብለው ይሄዳሉ። ዓርብ ምን ይሆናል? ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስት ተማሪዎች ይናገራሉ፤ ሌላው ሻይና ዳቦውን ጠብቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለምን እንደተጠራ ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ይናገር?

በዚህ የተነሳ ትልልቅ ጥናቶችም ተሰናክለዋል። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት በኤች አይ ቪ መያዝን ይከላከል እንደሆነ ለመፈተን ታቅዶ ነበር። እንዲሳተፉ የታሰቡት በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ 960 ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ግን ‹‹ጥናቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ጉዳት ቢደርስብን ማን ያሳክመናል?›› ብለው ጠየቁ። የሚያረካ መልስ አላገኙም፣ ተቃውሞው በረታ፣ መንግሥትም በዚያው ዓመት ጥናቱን አስቆመው። መድኃኒቱ ግን የማይረባ ሆኖ አልነበረም። ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ እንደሚከላከል በ2010 ይፋ በሆነ ጥናት ታይቷል፤ ዛሬም ፕሬፕ በሚባለው መከላከያ ውስጥ ያገለግላል። በ2007 ዩኤንኤድስና አቫክ የተባለው ድርጅት ተሳታፊዎችና ማኅበረሰቡ ከጥናቱ መነሻ ጀምሮ እንዲመከሩ የሚያሳስብ መመሪያ አወጡ።

ታዲያ የዓርቡ ስብሰባ እንዴት ይዘጋጅ? ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ከሳምንት በፊት አንድ ገጽ ጽሑፍ ስጡ። ማን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ መልሱ የት እንደሚሄድ ይንገረው። ቋንቋው እናንተ በዕረፍት ሰዓት የምታወሩት ይሁን፤ ‹‹የባህሪ ለውጥ ተግባቦት›› የሚል ወረቀት ማንም አያነብም።

ከሁሉ በላይ የምስጢር ጉዳይ ቀድሞ ይነገር። አወያዩ ስለ ራሱ ቃል ሊገባ ይችላል፤ ስለ ተሰበሰቡት አሥር ተማሪዎች ግን ዋስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ማንም የራሱን የምርመራ ውጤት እንዲናገር አይጠየቅም፣ የጓደኛም ስም አይጠራም። ‹‹እኔ›› ከማለት ‹‹ተማሪዎች›› ማለት ይበቃል። ቫይረሱ በደሙ ያለ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና ቀልዱም ይታሰብበት። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይሁን እንጂ የእናቴ ፊርማ የእኔን ፈቃድ አይተካም። አልፈልግም ማለት፣ መሃል ላይም ተነስቶ መውጣት ይቻላል፤ ማርክ አይቀነስም።

ዝምተኞቹስ? ስም ሳይጻፍ ጥያቄ የሚጣልበት ሳጥን ከቀናት በፊት ይቀመጥ፤ አጥኚዎቹም አንብበውት ይምጡ። እነሱም መዘጋጀት አለባቸው እኮ! ሴቶች ተማሪዎች ለብቻቸው መወያየት ከፈለጉ ይፈቀድላቸው። ዩኒት ሊደሩ ጥግ ላይ ከተቀመጡማ ስብሰባው አለቀለት፤ በአክብሮት ይቅሩልን።

ውጤቱ መቼና እንዴት እንደሚነገራችሁም ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀኑን በቃለ ጉባኤው አስመዝግቡ።