የልጆች ማለዳ ከዋዜማው ይጀምራል

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የበዓል መጀመሪያው የዕለቱ ጧት ሳይሆን የዋዜማው ምሽት ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም የፍጥረትን ዕለታት ሲቈጥር ማታውን ከጧቱ አስቀድሞ ያነሣል። ይህ ሥርዓት ልጆቻቸውን በማለዳ ለማስነሣት ለሚቸገሩ ወላጆችም ትምህርት አለው።

በሐዋሳ፥ በአዲስ ከተማ፥ የሚያመሹ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። አንዱ ሱቁን ዘግቶ የሚገባው በምሽት ነው፤ አንዲቱ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የማታ ተረኛ ናት፤ ሌላው ደግሞ ሥራ ባይኖርበትም እንቅልፍ የሚመጣለት ሌሊቱ ሲጋመስ ነው። ልጆቹን ግን በሥራ ቀን ትምህርት ቤት፥ ቅዳሜ የኳስ ልምምድ፥ እሑድ ቅዳሴ በማለዳ ይጠራቸዋል።

ዘግይቶ የሚተኛውን ሁሉ ሰነፍ ማለት አይገባም። እንቅልፍንና ንቃትን የሚመራ ሰዓት በሰው አካል ውስጥ ተሠርቶአል፤ አሠራሩን የመረመሩ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንትም በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህም ሰዓት በአንዱ ፈጥኖ፥ በሌላው ዘግይቶ ይደውላል። ይሁን እንጂ የወላጅ ማምሸት በልጅ ላይ ዕዳ ሊሆን አይገባም።

ወላጅ አርፍዶ ሲነቃ ችኰላው ቍጣን ይወልዳል። ጫማው ይጠፋል፤ ነጠላው አይገኝም፤ ልጁም በስድብ ተነሥቶ እያለቀሰ ይወጣል። እንዲህ ያለው ማለዳ ሲደጋገም ልጁ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ከቍጣ ጋር አዛምዶ ያድጋል። ይህ ከቅዳሴ ከመዘግየት የሚከፋ ጉዳት ነው።

ስለዚህ የሚያመሽ ወላጅ የማለዳውን ሥራ ብርቱ በሆነበት በምሽቱ ይፈጽመው። ልብሱን አጥቦ፥ ጫማውን ጠርጎ፥ ደብተሩን በቦርሳው ከቶ በአንድ ስፍራ ያኑርለት። ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆነው ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንዲተኛ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ እንግዲህ ለቅዳሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣው ቢዘገይ ከምሽቱ 2 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ወላጁ ራሱ ቢያመሽ እንኳ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ለልጁ ጸጥታን ይስጠው።

ለራሱም ሁለት ነገር ያስብ። የቡና ኃይል ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ እኩሌታው በአካል ውስጥ ስለሚቀር፥ የምሽቱን ስኒ ወደ ቀን ይመልሰው። የጧት ብርሃንም የአካልን ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያስቀድም፥ ልጁን ሲሸኝ ከደጅ ጥቂት ይቁም፤ በሐዋሳ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትወጣለችና።

በእኩለ ሌሊት ከሥራ የገባችውን እናት ግን ሁልጊዜ በማለዳ ማስነሣት ግፍ ነው። ባልዋ ተራውን ይያዝ፤ እርሱ ከሌለ የክርስትና እናት ወይም ጎረቤት ልጁን ከልጆቻቸው ጋር ይውሰዱት። የክርስትና ዝምድና ለጥምቀት ዕለት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ይህም ሁሉ ካልተቻለ፥ ከልምምዱ አንዱን መተው የልጁን እንቅልፍ ከማጕደል ይሻላል።

ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ በመጣ ጊዜ ሽማግሌው ካህን በቍጣ አልመለሰውም፤ በመጨረሻም የጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለለት። እኛም ልጆቻችንን ስንቀሰቅስ ወደ ማን እንደምንጠራቸው እናስብ፤ ድምፃችንም ለዚያ ጥሪ የተገባ ይሁን።