ውኃና ኃይል በአንድ ቧንቧ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ ተሻጋሪና የማይሻገሩ ግሦችን ለይተው ይጠቀማሉ፤ ምክንያትንና ውጤትን አገናኝቶ የሚያስረዳ ድርሰትም ይጽፋሉ።

ሀ/ ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ሌሊት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የቧንቧ ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የቤቱ ሰዎች ስለለመዱት አይሰሙትም። ይሁን እንጂ ከቤቱ ልጆች አንዱ ተነሥቶ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ከቧንቧው ሥር ቢያስቀምጥና ብርጭቆው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢሞላ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሚፈሰው ውኃ በቀን 6 ሊትር፣ በ30 ቀን ደግሞ 180 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ዘጠኝ ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሠፈር፣ ወይም እናት ጀሪካን ተሸክማ ረጅም መንገድ በምትጓዝበት ቀበሌ፣ ዘጠኝ ጀሪካን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የብክነቱ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለች አንዲት ያረጀች ጎማ ናት።

ከቧንቧ የሚፈሰው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ኃይልም አብሮ ይፈሳል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? የአዲስ አበባን ከተማ ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዋ ውኃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። አቃቂ ከመኻል ከተማው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ የጉድጓዱን ውኃ ሽቅብ የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ቢያንስ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል።

ውኃው እንዲሞቅ ሲፈለግ ደግሞ የኃይሉ ወጪ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ስለሆነም 18 ዲግሪ ሙቀት ያለውን 40 ሊትር ውኃ 40 ዲግሪ ለማድረስ 3,700 ኪሎጁል ገደማ፣ ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በዚህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል 100 ሰዓት ሊበራ ይችላል። እንግዲህ ሙቅ ውኃ የሚያባክን ሰው ሁለት ሀብት በአንድ ጊዜ ያባክናል፤ ሙቅ ውኃ የሚቆጥብም ሁለት ሀብት በአንድ ጊዜ ይቆጥባል።

ይህን የተረዱ ባለሙያዎች ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ሠርተዋል። ከእነዚህም አራቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው በቧንቧ አፍ ላይ የሚገጠም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ወንፊት ነው። ወንፊቱ ውኃውን ከአየር ጋር ስለሚቀላቅለው፣ ጥቂቱ ውኃ እጅን ለመታጠብ በቂ ይሆናል። የሻወርም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርደው ሻወር 6 ሊትር በሚያወርድ ቢተካ፣ በአራት ደቂቃ 40 ሊትር የነበረው ፍጆታ ወደ 24 ሊትር ዝቅ ይላል። የማሞቂያውም ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት መጫኛ የመጸዳጃ ቤት ሲፎን ነው። ብሩስ ቶምሰን የተባለው አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1980 ካሮማ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ በአንዱ መጫኛ 11 ሊትር፣ በሌላው 5.5 ሊትር የሚለቅ ሲፎን አዘጋጀ። ሐሳቡ ለሁሉም ጉዳይ እኩል ውኃ አያስፈልግም የሚል ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን ዐሥር ጊዜ ሲፎን ቢለቅና ከዐሥሩ ስምንቱ በግማሹ መጫኛ ቢሆን፣ 110 ሊትር ሊሆን የሚችለው ፍጆታ 66 ሊትር ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት መካከልም 4.5 እና 3 ሊትር ብቻ የሚለቁ ይገኛሉ።

ሦስተኛው በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባና በመስታወት የተሸፈነ ሰሌዳ ጣሪያ ላይ ይደረጋል። በሰሌዳው ውስጥ ቀጫጭን ቧንቧዎች ያልፋሉ፤ ከሰሌዳው በላይም ጋን ይቀመጣል። ፀሐይ ያሞቀችው ውኃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ወደ ጋኑ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ስለሚከብድ ወደ ሰሌዳው ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ውኃው ያለ ፓምፕ ይዘዋወራል። በእስራኤል አገር እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ ይህ ማሞቂያ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲገጠም አዟል። በዚያ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም «ዱድ ሼሜሽ» በሚለው የዕብራይስጥ ስሙ ያውቁታል፤ ትርጉሙም የፀሐይ ማሞቂያ ጋን ማለት ነው።

አራተኛው ሙቀት መላሽ ቧንቧ ነው። ሰው ገላውን ሲታጠብ ወደ ፍሳሹ የሚወርደው ውኃ ገና አልቀዘቀዘም። ስለዚህ በፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ የመዳብ ቧንቧ ይጠመጠማል። ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ቀዝቃዛ ውኃ በጥምጥሙ ውስጥ ሲያልፍ ከሚወርደው ውኃ ሙቀት ይቀበላል። ሁለቱ ውኃዎች ግን አይገናኙም፤ የሚሻገረው ሙቀቱ ብቻ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ጠቃሚዎች ናቸው፤ ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ያረጀች ጎማ መለወጥ ግን ብዙ ወጪ የለውም። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሳይጠግኑ አዲስ ማሞቂያ መግጠም በተሸነቆረ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ለ/ የመረዳት ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ሙቅ ውኃ ማባከን ከቀዝቃዛ ውኃ ማባከን የሚብሰው ለምንድን ነው?
2. በፀሐይ ማሞቂያው ጋኑ ከሰሌዳው በላይ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ከሰሌዳው በታች ቢሆን ምን ይፈጠራል?
3. ሙቀት መላሽ ቧንቧ የሚሠራው ሁለቱም ውኃዎች በአንድ ጊዜ ሲፈሱ ነው። ምክንያቱን አስረዱ።
4. «ፈረቃ»፣ «ሽቅብ»፣ «ጥምጥም» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም ጻፉ።

ሐ/ ሰዋስው፦ ተሻጋሪና የማይሻገሩ ግሦች

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ውኃው ባከነ።
ለ. ዘበኛው ውኃውን አባከነ።

«ባከነ» የማይሻገር ግስ ነው፤ ተሳቢ አይፈልግም። «አባከነ» ግን ተሻጋሪ ነው፤ ድርጊቱ ከባለቤቱ ተነሥቶ ወደ ተሳቢው ይሻገራል። «ፈሰሰ» «አፈሰሰ»፣ «ሞቀ» «አሞቀ»፣ «በረደ» «አበረደ»፣ «ጠፋ» «አጠፋ» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ በ«አ» የሚጀምር ግስ ሁሉ እንዲህ የተገኘ አይደለም። «አወቀ» እና «አሰረ» በሚሉት ውስጥ «አ» ብትነሣ የሚቀረው ትርጉም አይሰጥም።

ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን አንድ አይደለም። «የትምህርት ቤታችን ውኃ ባከነ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን እንዳባከነውና ማን ሊጠግነው እንደሚገባ ሳይናገር ያልፋል። ስለዚህ ጸሐፊ ፈጻሚውን በእርግጥ ሲያውቅ በተሻጋሪ ግስ ይግለጸው፤ ሳያውቅ ግን በግምት ሰው አይወንጅል።

መልመጃ፦ «ነደደ»፣ «ጎደለ»፣ «ደረቀ» የሚሉትን ግሦች ወደ ተሻጋሪ ለውጡ። እያንዳንዱንም ስለ ውኃ ወይም ስለ ማገዶ በሚናገር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

መ/ ድርሰት፦ ምክንያትና ውጤት

ምክንያትን ከውጤት ጋር ስናገናኝ «ስለ» ከውጤቱ በፊት፣ «ምክንያቱም» ከውጤቱ በኋላ ይመጣል። «ጎማው ስላረጀ ቧንቧው ያንጠባጥባል» ወይም «ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ምክንያቱም ጎማው አርጅቷል» እንላለን። «ጎማው ስላረጀ ስለዚህ ቧንቧው ያንጠባጥባል» ማለት ግን ስሕተት ነው። አንዱ አያያዥ በቂ ስለሆነ ሁለተኛው ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ የሚከተለውን ፈጽሙ። ማታ ቧንቧዎች ሁሉ መዘጋታቸውን አረጋግጣችሁ የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ። ሌሊቱን ማንም ውኃ ሳይጠቀም ቢያድር፣ ጠዋት ቁጥሩን እንደገና ተመልከቱ። ቁጥሩ ከጨመረ አንድ ቦታ ውኃ እየፈሰሰ ነው። ቆጣሪ የሌላቸው ተማሪዎች በአቅራቢያቸው በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ዕቃ አስቀምጠው ለአንድ ሰዓት ይለኩ።

ያገኛችሁትን መሠረት በማድረግ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትንና የለካችሁትን፣ በሁለተኛው ምክንያቱንና በዓመት የሚያስከትለውን ጉዳት፣ በሦስተኛው መፍትሔውንና መፍትሔውን ሊፈጽም የሚገባውን ሰው ግለጹ። ቁጥሮቻችሁ ከልኬታችሁ የተገኙ እንጂ የተገመቱ አይሁኑ። ድርሰታችሁን በክፍል ውስጥ ከማንበባችሁ በፊት ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው፤ ቧንቧውን የሚያስጠግኑት እነርሱ ናቸውና።