ከግል ጀግንነት ወደ ጋራ ሥርዓት፦ ኦስዋልድ ቦልኬና የአየር ውጊያ መመሪያው

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪዎች በአብዛኛው የሚታወሱት ብቻቸውን በሰማይ ላይ እንደ ተፋለሙ ጀግኖች ነው። የጀርመናዊው ኦስዋልድ ቦልኬ ሕይወት ግን ይህን አመለካከት እንደገና ለመመርመር ያስገድዳል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዋና ነጥብ፣ የቦልኬ ዘላቂ አስተዋፅኦ መትቶ የጣላቸው 40 አውሮፕላኖች ሳይሆኑ፣ የግል ድፍረትን ሌሎች ሊማሩት ወደሚችሉት ሥርዓት መለወጡ ነው የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦልኬ በ1891 በሃሌ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ውትድርናን የጀመረው በቴሌግራፍ ክፍል ሲሆን፣ የበረራ ሥልጠናውን ያጠናቀቀው ጦርነቱ በፈነዳበት ወር፣ በኦገስት 1914 ነበር። በዚያን ጊዜ የአውሮፕላን ዋና ተግባር ቅኝት ነበር። በ1915 ግን የፎከር ባለ አንድ ረድፍ ክንፍ አውሮፕላን ከፕሮፔለሩ ዙረት ጋር ተቀናጅቶ የሚተኩስ መትረየስ ተገጠመለት። ጥይቱ ፕሮፔለሩን ሳይመታ ወደ ፊት ስለሚያልፍ፣ አብራሪው አውሮፕላኑን ራሱን እንደ ጠመንጃ ማነጣጠር ቻለ። ቦልኬና ማክስ ኢመልማን በዚህ መሣሪያ ባስመዘገቡት ውጤት በጃንዋሪ 1916 የፕሩሺያን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለሙ።

ኢመልማን በጁን 1916 ሲሞት፣ የጦር አዛዦቹ ሁለተኛውንም ጀግና እንዳያጡ በመስጋት ቦልኬን ከውጊያ በረራ አግደው ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ ለጉብኝት ላኩት። መመሪያውን በጽሑፍ ያሰፈረውም በዚሁ ሰሞን ነው። መመሪያው ከማጥቃት በፊት የተሻለ ቦታ መያዝን፣ ከተቻለም ፀሐይን ከጀርባ ማድረግን፣ በቅርብ ርቀት ብቻ መተኮስን፣ ከላይ ለመጣ ጠላት ከመሸሽ ይልቅ ፊት ለፊት መግጠምን፣ በቡድን ማጥቃትንና ብዙዎች በአንድ ባላጋራ ላይ እንዳይረባረቡ መጠንቀቅን ያዛል።

ቦልኬ በኦገስት ወር ተመልሶ በሶም ግንባር የተቋቋመውን ሁለተኛውን ተዋጊ ስኳድሮን መራ። አብራሪዎቹን ራሱ መርጦ አሠለጠነ። ከእነርሱ አንዱ ማንፍሬድ ፎን ሪክቶፈን፣ ቡድኑ በሴፕቴምበር 17 አብሮ በተሰለፈበት ዕለት የመጀመሪያ ድሉን አስመዘገበ።

ከስድስት ሳምንታት በኋላ፣ በኦክቶበር 28፣ ቦልኬና ጓደኛው ኤርቪን ቦሜ አንድን የእንግሊዝ አውሮፕላን አብረው እያሳደዱ ሳለ፣ በሪክቶፈን የሚሳደድ ሌላ አውሮፕላን መንገዳቸውን ቆረጠ። ሁለቱም ለመሸሽ ሲታጠፉ የቦሜ አውሮፕላን ጎማ የቦልኬን የላይኛውን ክንፍ ነካ። የተጎዳው አውሮፕላን ወደቀ፤ ቦልኬም በ25 ዓመቱ አረፈ።

ሁለት አብራሪዎች በአንድ ዒላማ ላይ እንዳይገናኙ ያስጠነቀቀው ሰው የሞተው በዚያው ሁኔታ ነው። አሟሟቱ የመመሪያውን ትክክለኛነትና ወሰን በአንድነት ያሳያል፤ ሥርዓት አደጋን ይቀንሳል እንጂ ከውጊያ ትርምስ ፈጽሞ አያድንም። ሆኖም ደራሲው ቢሞትም ትምህርቱ አልሞተም፤ በ1917 ሪክቶፈን የበርካታ ስኳድሮኖች አዛዥ ሲሆን፣ የመምህሩን ሥርዓት ይዞ ቀጠለ።