ሙን ባውንስ ላይ ልጅ ከማውጣታችን በፊት

አንድ ቅዳሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልደት ተጠርቼ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ትንሿ ልጇ አምስት ዓመት ሞልቷት ጓሮው ውስጥ ሙን ባውንስ አስተክላለች። አዲስ አበባ ላይ ጃምፒንግ ካስል የሚባለው ማለት ነው። ሁለት ወጣቶች በፒክአፕ አምጥተው ዘረጉት፣ ሞተሩን ሰኩት፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤት የሚያክል ነገር ቆመ። ፊርማ ተቀብለው ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ብሎ አይቀመጥምና ዙሪያውን ዞርኩት። አራት ገመድ፣ አራት ችካል። በስተኋላ ያለውን ችካል በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው፣ ከእርጥብ መሬት እንደሚነቀል ሽንኩርት ሙልጭ ብሎ ወጣ። ርዝመቱ ከእስክሪብቶ ብዙም አይበልጥም። ውስጥ ዘጠኝ ልጆች ይዘላሉ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለችኝ እናትየው።

«ልጆቹን አውርጃቸው። ችካሉ አልያዘም።»

«ገና አሁን መጀመራቸው ነው እኮ! ደግሞ ለስላሳ ነገር አይደል? ቢወድቁስ ምን ያደርጋቸዋል?»

አወረደቻቸው። ልጆቹ አለቀሱ፣ ኬኩም ካሰቡት ሰዓት ቀድሞ ተቆረሰ፤ አከራዩም ተደውሎለት ረጅም ችካል ይዞ ተመለሰ። ያን ቀን ማንም አልተጎዳም። ጥያቄዋን ግን በግርግሩ መሀል በቅጡ አልመለስኩላትም። እሷ ብቻ ሳትሆን ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ስለሆነ፣ አሁን ደረጃ በደረጃ ልመልሰው።

ከዕቃው እንጀምር። ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ትራስ አይደለም። በሞተር የተነፋ ሸራ ነው። ሸራ ደግሞ ለንፋስ ምን እንደሆነ ሰርግ ቤት ድንኳን ሲተከል ያየ ሁሉ ያውቃል። የንፋስ ግፊት የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቁመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ግድግዳ እናስብ፤ ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመታው በትንሹ የ80 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋዋል። ንፋሱ 76 ሲደርስ ግን ግፊቱ ከ320 ኪሎ ያልፋል። ዕቃው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ መቶ ኪሎ ግድም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ውስጡም በአብዛኛው አየር ነው። ንፋሱ አንዴ ከወለሉ ሥር ከገባ፣ የልጆቹ ክብደት አያስቀረውም።

38 የሚለውን ቁጥር ከራሴ አላመጣሁትም። የብሪታንያ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ በላይ በሚነፍስ ንፋስ እንዲህ ያለ መጫወቻ ጨርሶ እንዳይሠራ ይመክራል። የአምራቹ ታርጋ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ከጻፈ የሚሠራው ያነሰው ነው። ንፋስ መለኪያ መሣሪያ ርካሽ ነው፤ አከራዩ ሊኖረው ይገባል። ከሌለ በዓይን ይታያል፦ አቧራና ወረቀት ከመሬት መነሳት ከጀመረ ልጆቹን የማውረጃው ሰዓት ደርሷል። ትንንሽ ዛፎች ከነቅጠላቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ ደግሞ ገደቡ ላይ ደርሳችኋል።

ችካሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የአውሮፓው የደህንነት ደረጃ ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ ይጠይቃል። ቁጥራቸው በዕቃው መጠን ይጨምራል፤ በማኑዋሉ የተጻፈው ሁሉ መታሰር አለበት። የብሪታንያው መመሪያ ብረት ችካሉ 38 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረትና የተድቦለቦለ አናት እንዲኖረው ይላል። መሬቱ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ከሆነና ችካል መምታት ካልተቻለ፣ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ ቢያንስ 163 ኪሎ ክብደት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ! አንድ ኩንታል ጤፍ ከነጆንያው 100 ኪሎ መሆኑን አስቡ። አንድ የአሸዋ ከረጢት ጥግ ላይ አስቀምጦ «ታስሯል» የሚል አከራይ ምን ያህል እንደጎደለው ከዚህ ይታያል። ስለዚህ ልጅ ከመውጣቱ በፊት አንድ ዙር ዙሩ፤ እያንዳንዱን ችካል በእጃችሁ ሳቡ፤ ገመዱ መወጠሩን እዩ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2021 በዓለም ዙሪያ በንፋስ የደረሱ አደጋዎችን ሰብስበው 132 አግኝተዋል፤ 28 ሰው ሞቶባቸዋል፣ ቢያንስ 479 ሰው ቆስሎባቸዋል። ከነዚህ ሁሉ የከፋው በአውስትራሊያ ታዝማኒያ፣ ዴቨንፖርት በሚገኘው ሂልክረስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2021 የደረሰው ነው። የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ በዓል ነበር። ድንገት የተነሳ የአቧራ አዙሪት ጃምፒንግ ካስሉን ከመሬት አነሳው፤ ልጆቹ 10 ሜትር ከሚሆን ከፍታ ወደቁ፤ ስድስቱ ሞቱ። ትምህርት ቤት ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝና ይህን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይደማል።

የሚገድለው ንፋሱ ነው፤ የሚዘወተረው ጉዳት ግን ሌላ ነው። በኦሃዮ የሚገኘው የኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከ1990 እስከ 2010 በአሜሪካ ወደ 65 ሺህ የሚጠጉ ልጆች በዚህ መጫወቻ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። በ2010 ብቻ በአማካይ በየ46 ደቂቃው አንድ ልጅ ነበር። ከአራት ጉዳት አንድ የሚበልጠው ስብራት ነው። ቀዳሚው መንስኤ መውደቅ ነው፤ የልጆች መጋጨትና መገለባበጥም አለበት።

ለምን ይሰበራሉ? 45 ኪሎ የሚመዝን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሲያርፍ ወለሉ ይሰምጥና መልሶ ይወረውራል። አጠገቡ 15 ኪሎ የምትመዝን የሦስት ዓመት ልጅ ካለች፣ ያ ጉልበት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። እሷ ወደ ታች እየወረደች፣ ወለሉ ወደ ላይ እየመጣ እግሯ መሀል ላይ ይገናኛል። ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ሳትወድቅም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ስብራት በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ ትልቅና ትንሽ አንድ ላይ አይግቡ፤ በየተራ፣ በየእኩያ ይግቡ። «እኔ አቅፌው እዘላለሁ» የሚል አባት ደግሞ ለልጁ ከሁሉም የባሰ ከባድ ጎረቤት ነው። አንድ አዋቂ በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ልጆቹን ይቁጠር። ጫማ፣ መነጽር፣ ሐብል ይውለቅ። የሞተሩ ገመድ ሰው በማያደናቅፍበት ይለፍ፤ ከተነቀለ ቤቱ በልጆቹ ላይ ይረግባልና፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው የመጀመሪያ ሥራው እነሱን ማውጣት ነው።

ልጅ ተጎዳ እንበል። ክርኑ ያበጠ ልጅ አይታሽ፣ አይሳብ። ይህን ጠንከር አድርጌ የምለው ወጌሻ ጋ የመውሰድ ልማዳችንን ስለማውቅ ነው። በሀገራችን በወጌሻ ጥብቅ እስራት ደም ተቋርጦ እጃቸው የተቆረጠ ልጆችን ሐኪሞቻችን በተደጋጋሚ ዘግበዋል። በተዘረጋ እጅ መውደቅ ከክርን በላይ ያለውን አጥንት ይሰብራል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ዋናው የደም ሥርና ነርቭ ያልፋሉ። ጣቶቹ ቀዝቅዘው፣ ነጥተው ወይም ደንዝዘው ከሆነ ደቂቃ ሳታባክኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀላፋው ወይም የሚቀባዥር ልጅም እንዲሁ። አንገቱን ተመትቶ መንቀሳቀስ ያቃተውን ግን አታንሱት፤ አምቡላንስ ጥሩ።

ልጁ ሐኪም እጅ ከገባ በኋላ፣ ሌላ ዘመድ ወደ ቦታው ይመለስ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሸነፋል፤ አከራዩ ማታውኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳልና። ችካሎቹን፣ ገመዶቹን፣ ሞተሩን፣ የአምራቹን ታርጋና የፍተሻ ተለጣፊውን ፎቶ አንሱ። ሜሪላንድ ውስጥ እነዚህን መጫወቻዎች የሚፈትሸው የግዛቲቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው። ከችካሉ አጠገብ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሱ፤ ርዝመቱ ይታያል። ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ውስጥ የነበሩትን ልጆች ብዛትና ዕድሜ፣ ያዩ ሰዎችን ስልክ በዚያው ቀን በወረቀት ጻፉ። ከአከራዩ ጋር የተለዋወጣችሁትን ቴክስት አታጥፉ።

አሁን ወደ ሕጉ። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ጥያቄ «ልጁ ተጎድቷል?» ብቻ አይደለም። «ኃላፊው ሊገምተው የሚችለው አደጋ ነበር? ሊያደርግ የሚገባውን አድርጓል?» ነው። ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ሲታዩ ይህ ይገባል። በእንግሊዝ ሃርሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የፋሲካ ሰሞን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችበት ጃምፒንግ ካስል በንፋስ ተነጥቆ ሞተች። ሁለት የመዝናኛ ሥፍራ ሠራተኞች በበቂ አላሰሩትም፣ የአየሩንም ሁኔታ አልተከታተሉም ተብለው በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ሆኑ፤ በ2018 እያንዳንዳቸው ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። በታዝማኒያው ጉዳይ ግን የዕቃው ባለቤት በሥራ ደህንነት ሕግ ተከሳ፣ በ2025 ነጻ ወጣች፤ ዳኛው ያ አዙሪት ሊገመት የሚችል አልነበረም አሉ። የሟቾቹ ወላጆች ሐዘን ከሃርሎዋ እናት ሐዘን አያንስም። ፍርዱን የለየው ሐዘኑ ሳይሆን ማስረጃው ያሳየው ነው። ከላይ ፎቶ አንሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ያቺ ዕቃውን ስትከራዩ በስልክ ላይ የፈረማችኋት ፎርምስ? «ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ አይደለንም» የምትለዋ። ብዙ ወላጅ «ፈርሜያለሁ፤ አለቀ» ብሎ ይተወዋል። አላለቀም፤ እንደየግዛቱ ነው። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት የፖቶማክ ወንዝ አካባቢ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የበላዩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሐይቅ ውስጥ በተጎዳ የትሪያትሎን ተወዳዳሪ ጉዳይ፣ ጉዳት ሳይደርስ አስቀድሞ የሚፈረም የአካል ጉዳት ነጻ ማውጫ ዋጋ የለውም ብሏል። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ግን የዚያ ግዛት የበላይ ፍርድ ቤት በ2013፣ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ መደብር ውስጥ ካለ የሕፃናት መጫወቻ ወድቆ ጭንቅላቱ በተጎዳበት ክስ፣ የወላጁን ፊርማ አጽንቶታል። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የግማሽ ሰዓት መንገድ ናቸው፤ ያው አንድ ፎርም በአንዷ ወረቀት ብቻ ነው፣ በሌላዋ ግድግዳ ነው። ሚሺጋን ደግሞ በ2010፣ በአየር ከተሞላ ስላይድ ዘሎ እግሩ በተሰበረ የአምስት ዓመት ልጅ ጉዳይ የአባቱን ፊርማ ውድቅ አደረገ፤ በማግስቱ ዓመት ሕግ አውጪው ለወላጆች የተወሰነ የመፈረም ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ሌላ ቦታ ስለፈረማችሁ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በቨርጂኒያ የጉዳት ክስ ይርጋ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ ለልጁ የራሱ ክስ መቆጠር የሚጀምረው 18 ሲሞላው ነው። ወላጅ ለከፈለው የሕክምና ወጪ የሚጠይቀው ግን ራሱን የቻለ ቀነ ገደብ አለው፤ የልጁን ማደግ አይጠብቅም። አደጋው የደረሰው በዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር ትምህርት ቤት ወይም መናፈሻ ከሆነ፣ በስድስት ወር ውስጥ ለከንቲባው በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። «ልጁስ አጥፍቷል» የሚል ኢንሹራንስ ካጋጠማችሁ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በቸልተኝነት ሊወቀስ አይችልም እንደሚል እወቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ቁጥር 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይላል። የፖሊስ ማስረጃና የሆስፒታል ወረቀት በዚያው ሳምንት ያዙ፤ ሽምግልና ቢጀመርም ቀኑ እየሄደ መሆኑን አትርሱ።

በመጨረሻ የሚመጣው የኢንሹራንስ ሰውዬው ስልክ ነው። ትሑት ነው፣ ስለ ልጁ ይጠይቃል፣ ቼክም ቶሎ ሊልክ ዝግጁ ነው። ጀሶው ሳይወጣ አትስማሙ። በልጅ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያድግ ክፍል አለ፤ ስብራቱ በዚያ ካለፈ፣ ክንዱ ይጣመም ወይም ያጥር እንደሆነ የሚታወቀው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የልጅን ካሳ ስምምነት ዳኛ እንዲያጸድቀው ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ጠይቁ። ለሰውዬውም «የአጥንት ሐኪሙ የመጨረሻውን ራጅ ካየ በኋላ እንነጋገራለን» በሉት፤ ስሙን፣ የፋይል ቁጥሩንና የደወለበትን ቀን ያችው ወረቀት ላይ ጻፉ።