ደንቆሮ ጫካ ወቅት በወቅት፦ ከመካነ ሰላም የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

ቦታው

ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ቦረና፣ ሳይንትና መሐል ሳይንት በሚገናኙበት ደጋ ላይ፣ የአገሩ ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው የተፈጥሮ ደን አለ። የአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ሲከልለው ቦረና ሳይንት ተባለ፤ ኋላ ላይ ወረሂመኑ የሚለው ስም ተጨመረበት። መጀመሪያ የተከለለው መሬት 4,375 ሄክታር ነበር። ጠዋት በማለዳ ከከተማው የተነሣ ሰው ጥቂት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ጀምበር ሳትጠልቅ ሊመለስ ይችላል።

ፓርኩ ሐይቅ የለውም። ውሃ ግን አለው፤ የት እንደሚያስቀምጠው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ቦታውን አንድ ጊዜ አይቶ «አየሁት» ማለት ግን አይበቃም። ያው መንገድ በጥቅምት፣ በጥርና በሐምሌ ሦስት የተለያየ አገር ነው።

ወሩን ከመምረጣችሁ በፊት ከፍታውን እወቁ

የፓርኩ ዝቅተኛ ቦታ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍተኛው 3,700 ሜትር ይጠጋል። አየር በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አስሉት፦ 1,800 ሜትር ሲወጣ ወደ 12 ዲግሪ ይቀንሳል። ታች 22 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ጫፉ ላይ 10 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ታች ላይ ሸሚዝ የከበደው ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

ዛፉም በዚሁ ስሌት ነው የሚደለደለው። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታና አምጃ፣ ከሁሉም በላይ ጓሳና ጅብራ። ወይና ደጋን፣ ደጋንና ውርጭን በአንድ ቀን በእግር ማቋረጥ የሚቻልበት ቦታ ብዙ የለም፤ ተማሪ ይዞ ለሚሄድ መምህር ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ክፍል አላውቅም።

አየሩም ይሳሳል። 3,700 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡ። ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ካለ መፍትሔው መውረድ ነው፤ «ትንሽ ነው የቀረችው» ብላችሁ አትግፉት።

መጸው፦ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሬቱ ገና ውሃ እንደያዘ ነው። ዳር ዳሩ በአደይ አበባ ይሞላል፤ መንገዱ ግን ያንሸራትታል። ጥቅምት ሲጋመስ ሰማዩ ይጠራል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ ሳሩም ገና አልደረቀም። ምረጥ ብባል ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን እመርጣለሁ። መስከረምን የሚያወድስ ሰው ብዙ ነው፤ ለዓይን እውነቱን ነው፤ ለእግር ግን ኅዳር ይበልጣል።

ጭላዳን በደንብ ለማየትም ጊዜው ይህ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ሌሎቹ ዝንጀሮዎች ፍሬውንም ሥጋውንም ሲያነሡ እርሱ ኑሮውን በሳር ላይ አድርጓል። ቁጭ ብላችሁ እጁን ተመልከቱ፦ ሳሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ አንድ እየነቀሰ መዳፉ ውስጥ ያጠራቅማል፣ እፍኙ ሲሞላ ይጎርሳል። ፊት ለፊቱ ያለው ሲያልቅ ተነሥቶ አይሄድም፤ እንደተቀመጠ በመቀመጫው ተንፏቅቆ ወደሚቀጥለው ሳር ይደርሳል። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደል ላይ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ወደ ግጦሹ ይሠማራል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ገደል አፋፍ አካባቢ የደረሰ ሰው መንጋውን ያገኘዋል፤ አርፍዶ የመጣ ሜዳው ላይ ሲፈልገው ይውላል።

ቀይ ቀበሮንም ዕድለኛ ከሆናችሁ ታዩት ይሆናል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። ወሎ ውስጥ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ዋጋ አላቸው። የሚያድነው በቀን ነው፣ ምግቡም አይጥ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል፦ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እንደማይነካ ስለሚያውቁ አይሸሹትም። ስለዚህ መንጋ ስታዩ በርቀት ማያ መነጽር ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሐሉንም ፈትሹ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀበሮዎቹ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ ጉድጓድ ስታዩ አትጠጉ፤ የተረበሸች እናት ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራለች፣ በጉዞው መሐል ሊሞቱባት ይችላሉ።

በጋ፦ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25

ሌሊቱ ደመና ስለሌለው መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ለዚህ ነው ፀሐይዋ የምታቃጥልበት ወር ውርጭ የሚጥልበትም ወር የሚሆነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ጠዋት ላይ ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ጉብታው ፀሐይ ሲሞቅ የምታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

በማለዳ ከደረሳችሁ አንድ ጅብራ ፊት ቁሙ። አናቱ ላይ እንደ ጎመን የተደረደሩት ረጃጅም ቅጠሎች ሌሊቱን ወደ መሐል ተሰብስበው ለጋውን ቡቃያ ሸፍነውታል። የውጪዎቹ ቅጠሎች ጠርዝ በውርጭ ነጥቷል፤ በጣታችሁ ብትነኩት ይፈረፈራል። ፀሐይዋ ስትበረታ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ጅብራ እንዲህ እያደረገ ለብዙ ዓመታት ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አበባ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ለፎቶ ብሎ የሚሰብረው ሰው የብዙ ዓመት ዕድሜ ነው የሚሰብረው።

ሳሩ ሲደርቅ ጭላዳው ወደ ሥር መቆፈር ይዞራል። የቆፈረበትን መሬት አይታችሁ ከሰው ጥፋት አትቁጠሩት። ትልቁ ፍርሃት እሳት ነው። የደረቀ ጓሳና አስታ ከተያያዘ በቀላሉ አይጠፋም፤ በዚህ ወቅት ቡና ማፍላት ቢያምራችሁም በፔርሙዝ ይዛችሁ ኑ።

በልግ

ገበሬው በልግ የሚለው ዝናብ ብዙ ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ከፍ ባለው ደጋ ገብስ የሚዘራበት ወቅት ስለሆነ ለአካባቢው ሰው የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ለተጓዥ ጥሩነቱ፣ የደረቀው ሳር በጥቂት ቀን ውስጥ ሲያቆጠቁጥ ማየቱ ነው። መጥፎነቱ በረዶ ነው። የዝናብ ልብስ ያልያዘ አይሂድ።

ክረምት፦ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25

ላይኛውን ክፍል በሐምሌና በነሐሴ አልመክርም። ጉሙ አሥር እርምጃ ከፊት አያሳይም፣ ገደሉ ደግሞ አጥር የለውም። መብረቅም ጉብታና ብቸኛ ዛፍ ይወዳል። መሄድ ግዴታ ከሆነ የታችኛውን የደን ዳር ይዛችሁ፣ በጠዋት ጀምራችሁ ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጨርሱ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚከብደው። ጅረት ስትሻገሩ ላይኛው ተራራ ጠቁሮ እንደሆነ እዩ። እናንተ ባላችሁበት ሳይዘንብ ደራሽ ሊመጣ ይችላል።

ውሃው የት ነው ያለው?

አንድ ሊትር ውሃ ያዙና ይህን ሞክሩ። ግማሹን ከብት በረገጠው ባዶ መሬት ላይ አፍስሱ፦ ላዩ ላይ እየሮጠ፣ አፈር ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ግማሹን አስታ ሥር፣ የወደቀ ቅጠልና የዛፍ ሽበት በተነጠፈበት አፈር ላይ አፍስሱ፦ ወዲያው ይሰምጣል። በእጃችሁ አፈሩን ፈልቅቁት፤ ለስላሳና ጥቁር ነው፣ በሥር የተጠላለፈ ነው። ለተማሪ አሥር ገጽ ከማስነበብ ይህን አንዴ ማሳየት ይሻላል።

የፓርኩ ሐይቅ ከመሬት በታች ያለው ይህ ነው። የክረምቱ ዝናብ በአስታውና በጓሳው ሥር ገብቶ ቀስ እያለ በምንጭ ይወጣል፤ ጉሙም ቅርንጫፉ ላይ በተንጠለጠለው ሽበት ላይ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። የደንቆሮ ወንዝም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለ ደኑ መመናመን ስናወራ ስለ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ብቻ የምናወራ ይመስለናል፤ ከታች ያለው ቀበሌ በመጋቢት የሚቀዳው ውሃም ከዚሁ ነው። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም፦ አስታው ለማገዶ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚደርቀው ምንጩ ነው።

ሐይቅ ዳር መሄድ ለሚፈልግ

ለዚህ ወደ ምሥራቅ መሻገር ያስፈልጋል። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉዞውን ከደሴ ሆናችሁ አድርጉት፣ ከመካነ ሰላም በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አይመችም። ከፍ ብሎ የሚገኘው አርዲቦ ሐይቅ ውሃውን በአንቸርቃ ወንዝ የከተማውን ስም ወደያዘው ሐይቅ ያፈስሳል፤ ይህ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን በእግር ይገባል። ወደ ወንዶች ገዳም ሴቶች አይገቡም። አየሩ ወይና ደጋ ስለሆነ ደንቆሮ ላይ ውርጭ በሚያስጨንቅበት ታኅሣሥና ጥር እዚያ መሄድ ደስ ይላል።

ከመነሣታችሁ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ የትናንቱ መረጃ ለዛሬ ላይሠራ ይችላል። ጥሩ ካልሆነ ጉዞውን አሳድሩት። ሁኔታው ከፈቀደ ደግሞ የፓርኩን ስካውት ይዛችሁ ግቡ። ቆሎና በሶ ይበቃችኋል፤ ጭላዳ ፊት አትብሉ፣ አንድ ጊዜ ዳቦ የቀመሰ መንጋ ወደ ሰው ማሳ መውረድ ይጀምራል። እረኛ ስታገኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ ስለ ጅረቱና ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ ከካርታው የተሻለ ያውቃል።

ውሻ በጭራሽ ይዛችሁ አትምጡ። በባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የጨረሰው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እዚህ ያለው ቁጥር ደግሞ አንድ ወረርሽኝ እንኳ አይችልም። በደኑ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ውሾች ሲከተቡ ብታገኙ፣ ገመዱን በመያዝ እንኳ ከታቢዎቹን አግዟቸው።